ዳንዴሊዮንን እንደ ጤፍ ይዝሩት

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ስዊድን ያለችው እህቴ የዳንዴሊዮን ዘር አምጥታልኝ ሐምሌ ላይ ጓሮዬን ቆፍሬ፣ መስመር አውጥቼ፣ እንደ ባቄላ ጣቴን እያስገባሁ ዘራሁት። አንድም አልበቀለም። ግማሹ ዘር ገና እጄ ላይ ነው። ቅጠሉን ለምግብ እፈልገዋለሁ፤ ሥሩን ደግሞ ሐኪም ቡና ቀንሺ ላላት እናቴ በቡና ፋንታ እንዲሆናት ነው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። አጥራችን ሥር ወተት ያለው ቢጫ አበባ ይበቅላል፤ እሱ ራሱ ዳንዴሊዮን ይሆን እንዴ? ጎማም ይሠራበታል ሲሉ ሰምቻለሁ። አዘራሩን ቢነግሩኝ።»

እህቴ፣ ዘሩ ላይ አይፍረዱ። ጣት እያስገቡ ከቀበሩት ምን ጥሩ ዘር ቢሆን አይወጣም ነበር። ዳንዴሊዮን ቢጫ አበባና ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር ያለው ተክል ነው፤ የፍሬው ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ግራም ውስጥ ከ1,000 በላይ ፍሬ ይገባል። ባቄላ የሚዘራው ስንቁን በሆዱ ይዞ ነው፤ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር አፈር ቢጫነውም ስንቁን እየበላ ብቅ ይላል። የዳንዴሊዮን ስንቅ ግን ለጥቂት ሚሊ ሜትር መንገድ ብቻ የሚበቃ ነው። በዚያ ላይ ይህ ዘር ለመንቃት ብርሃን ይሻል፤ ጨለማ ውስጥ ከገባ አብዛኛው ተኝቶ ይቀራል። እርስዎ የጎጃም ሰው ነዎትና ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። ጤፍ እንዴት ነው የሚዘራው? ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ይለሰልሳል፣ በከብት ይረገጣል፣ ከዚያ ዘሩ ከላይ ይበተናል። ጤፍን ጣት አስገብቶ የሚቀብር የለም። ዳንዴሊዮንንም ልክ እንደ ጤፍ ይቁጠሩት፤ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ወሩ ነው። ሐምሌ በደብረ ማርቆስ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ከላይ የተበተነ ደቃቅ ዘር የሐምሌን ዝናብና በረዶ አይችልም፤ ወይ ይታጠባል፣ ወይ ጎርፍ ያመጣው ደለል ይቀብረዋል፣ ወይ ውሃ በተኛበት ጥቁር አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። እኔ የምመክረው ከጳጉሜን እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ጊዜ ነው። ዝናቡ ይረግባል፣ አፈሩ ገና ርጥበቱን አልለቀቀም፣ ፀሐይም ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያጠጡ ከሆነ ጥቅምትም አያስፈራም። ውርጭ ይመታዋል ብለው አይስጉ፤ ይህ ተክል እህትዎ ባለችበት አገር በረዶ ስር ከርሞ የሚነሣ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጫችን ቅጠሉን ቢያቀላው እንጂ አይገድለውም።

ዘሩ እጅዎ ላይ ስለቆየ ከመዝራትዎ በፊት ይፈትኑት። ሳህን ላይ ሶፍት ደርበው ያንጥፉና ያርጥቡት፤ 20 ፍሬ ቆጥረው ይደርድሩበት፤ ግልጽ ላስቲክ ሸፍነው ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ግን ብርሃን ያለው መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። ሶፍቱ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይዩት። በ14 ቀን ውስጥ ከ10 በላይ ካቆጠቆጠ ዘሩ ደህና ነው። ከ5 ካነሰ እርጥቡን ሶፍት ከነዘሩ በላስቲክ ጠቅልለው 2 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ (በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም) ካቆዩ በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ብርድ ካገኘ በኋላ የሚነቃ ዘር አለ። ያኔም እምቢ ካለ ዘሩ አርጅቷል።

አሁን መደቡን እናዘጋጅ። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ይጨቀያል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ዳንዴሊዮን ብዙ ዓይነት አፈር ይችላል፤ ዓለምን የሞላውም ለዚህ ነው። ግን ሥሩ ውሃ ላይ መቆም አይወድም፣ እርስዎም ቀጥ ያለ ሥር ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ መደቡን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ በሁለቱም ጎን ማሳ ላይ እንደምናወጣው ፈሰስ ያውጡለት። የበሰለ ኮምፖስት ያቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ አያስገቡ፤ ትኩስ ፍግ ያገኘ ሥር እንደ ሹካ ይከፋፈላል፣ ካሮት ዘርተው ከሆነ ይህን አይተውታል። ይህን የሚያነቡ የእንጅባራ፣ የዳንግላና የቡሬ ሰዎች ካሉ ደግሞ የእነሱ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ ላይ አሲዳማ ስለሆነ፣ ከመዝራታቸው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለ1 ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ የማገዶ አመድ ቢያቀላቅሉ ይጠቅማቸዋል። ኖራ የሚያገኝ ኖራ ይጠቀም።

ዘሩን የሚበትኑበት ቀን መደቡን በመዳፍዎ ወይም በጣውላ ጠቅጠቅ ያድርጉት። የጤፉን እርግጫ ያስቡ፤ ምክንያቱ አንድ ነው። ደቃቅ ዘር ባዶ ክፍተት ውስጥ ከወደቀ ሥሩ አፈር ሳያገኝ ይደርቃል። ከዚያ መጀመሪያ ውሃውን ያጠጡ፣ ዘሩን ከዚያ በኋላ ይበትኑ። አንድ ቁንጥር ዘር ከሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር አደባልቀው እንደ ጨው ነስነስ ያድርጉት። እንደገና በመዳፍ ጫን ይበሉትና የተነፋ ኮምፖስት በወንፊት ብናኝ ያህል ብቻ ያልብሱት፤ ዘሩ በከፊል እየታየ ቢቀር እሰየው ነው። በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሣር ጣል ያድርጉ። ቡቃያው እስኪቆም ድረስ ላዩ አይድረቅ፤ ክዳኑ በተበሳሳ ዕቃ እየረጩ ያጠጡት እንጂ በባልዲ አይድፉበት።

ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ሁለት ለስላሳ፣ ሞላላ፣ ከጤና አዳም ፍሬ የማይበልጡ ቅጠሎች ያያሉ። ያን ቀን ሣሩን ያንሡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎት። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ሦስት ቅጠሎች ጥርስ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ጠርዛቸው ለስላሳ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «የአንበሳ ጥርስ» ማለት ስለሆነ ሰው ጥርሱን ይጠብቅና ያጣዋል፣ አረም ነው ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ይታገሡ። ጥርሱ ቅጠሉ ሲበዛ ይመጣል። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር ያሳሱት፤ የነቀሉትን አይጣሉት፣ ሰላጣ ውስጥ ይገባል።

ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከልን አልመክርም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት በትናንሽ የችግኝ ፕላስቲኮች አፍልቼ በ2 ወሩ ወደ መደብ አዛውሬው ነበር። ቅጠሉ አማረልኝ። ዓመቱ ሲደርስ ሥሩን ቆፍሬ ሳወጣው ግን የፕላስቲኩን ታች እንደነካ ተጠምዝዞ፣ ከዚያም አራት ቦታ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ ከስንጥቁ መሀል ጭቃ ማጠብ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። የዳንዴሊዮን ነገሩ ሁሉ ያ ወደ ታች የሚወርደው አንድ ዋና ሥር ነው፤ ጫፉ ከተነካ መልኩ ይበላሻል። በቀጣዩ ዓመት ዘሩን አፈርና ኮምፖስት በተሞላ ጆንያ ላይ በቀጥታ ዘራሁ። ጆንያውን ቀድጄ አፈሩን ሳፈርሰው ሥሩ እንደ አመልካች ጣት ወፍሮ፣ ጫፉ እንደ ክር እየቀጠነ፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ ነበር። አንዱን ሰበርኩት፤ ቅጭ አለና ከስብራቱ ዙሪያ ነጭ ወተት በጠብታ በጠብታ ተሰለፈ። ስለዚህ ለእርስዎም ጆንያ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ፍልፈል ሥር ይወዳል፤ ድንጋይ ንጣፍ ላይ የቆመ ጆንያ ውስጥ ግን አይገባም። ዶሮ ካለዎት አጥር ይሥሩለት፤ ዶሮ ይህን ቅጠል አትተወውም። ክሽክሽ ከያዘው በውሃ ማጠብ ይበቃል።

ስለ አጥሩ ሥር ቢጫ አበባ። ዳንዴሊዮን ከኑግ፣ ከሱፍ፣ ከግራዋ፣ ከሰላጣ፣ ከአሪቲና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ሰፊ ስለሆነ ቢጫ አበባ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ መስከረም ላይ ማሳውን ቢጫ የሚያለብሰው መጭም የዚሁ ዘመድ ነው። ወተቱም ምስክር አይሆንም። ቁልቋልና ቅንጭብም ወተት አላቸው፣ የእነሱ ወተት ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። የዳንዴሊዮን ምልክቱ አገዳው ነው። አበባውን ከሥሩ ይቁረጡት። አገዳው ላይ አንድም ቅጠል የለም፣ ቅርንጫፍ የለውም፣ ውስጡ እንደ ስንዴ አገዳ ባዶ ነው፣ በአንድ አገዳ ላይ አንድ አበባ ብቻ ይቀመጣል። ቅጠሎቹ ሁሉ ከመሬት ተነሥተው እንደ ጽጌረዳ ቅርጽ ክብ ሠርተው ይተኛሉ፤ የጥርሶቹ ጫፍ ወደ ሥሩ ዞሮ ይመለከታል። አጥርዎ ሥር ያለው አገዳው ላይ ቅጠል ካለው፣ ወይም አናቱ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቶ ብዙ አበባ ከያዘ፣ ዳንዴሊዮን አይደለም። እንዲህ ሆኖ ካገኙት ለእናትዎ አይቀቅሉላቸው።

አሁን ሳልደብቅ የምነግርዎት ወደ ሆነው ነገር ልምጣ። ዳንዴሊዮን አረም ነው፤ ያውም በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ። አበባው ከደረቀ በኋላ አገዳው ጫፍ ላይ ነጭ የጥጥ ኳስ የመሰለ ነገር ይቆማል። እያንዳንዱ ክር ሥር አንድ ፍሬ ተሰቅሏል፤ በአንድ ኳስ ላይ 100፣ 150፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ነፋስ ሲነካው ይበተናል። በብዛት የሚታወቀው ዝርያ ደግሞ ዘር ለማፍራት የአበባ ዱቄት እንኳ አያስፈልገውም፤ ብቻውን ቢቆምም ሙሉ ዘር ያፈራል፣ ልጆቹም የእናታቸው ቅጂ ናቸው። ሥሩ ሲነቀል መሬት ውስጥ የቀረች ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቁራጭም እንደገና ታቆጠቁጣለች። እኔ አንድ ሳምንት ከቤት ርቄ ስመለስ ሁለት ኳስ ተከፍተው ጠበቁኝ። ቀጣዩን ክረምት ሙሉ ከጎረቤቴ የጎመን መደብ ውስጥ ቡቃያ ስለቅም አሳለፍኩ፤ ጎረቤቴ አንድ ቃል ሳይናገሩኝ ዝም ብለው ሲያዩኝ መዋላቸው እስካሁን ይከብደኛል።

ጎጃም ይህን ጉዳይ ቀለል አድርጎ ማየት የማይችል አገር ነው። እምቦጭ አበባው ሲያዩት ያማረ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፣ ከዚያ ወዲህ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖረ። ፓርቲኒየምም (ቅንጨ አረም የሚሉት) የዚሁ የኑግ ቤተሰብ አባል ነው፣ እሱም መጤ ነው። ዳንዴሊዮን የእነሱን ያህል ጉዳት አያደርስም፤ እንደ ሣር አጎንብሶ የሚኖር ተክል ነው። ቢሆንም የጤፍ ማሳ ዳር አይዝሩት፣ የግጦሽ መሬት አጠገብ አይዝሩት። ከውጭ የሚገባ ዘር የእጽዋት ኳራንቲን ፈቃድና ምርመራ እንደሚያስፈልገውም ለእህትዎ ይንገሯት፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው። እጅዎ ላይ ያለውን ከመዝራትዎ በፊት ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደው ለእጽዋት ጥበቃ ባለሙያ ያሳዩት፤ ከዘሩ ጋር የተቀላቀለ ሌላ የአረም ፍሬ ሊኖር ይችላልና። ከዚያ በኋላ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ አበባው ቢጫ ሳለ ይቆረጣል። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ተዘግቶ የቀረና ጫፉ ላይ ነጭ ክር ብቅ ያለበት ካዩ ለነገ አያሳድሩት፣ ዛሬውኑ ይቁረጡትና እሳት ውስጥ ይጣሉት። የተቆረጠ አበባ መሬት ላይ ተጥሎም ዘሩን ሊያበስል ይችላል።

ቀፎ ያላቸው ዘመዶች ይኖሩዎታልና ይህንን ይጠይቁኝ ይሆናል፦ ንብ ይህን አበባ ትወደዋለች። ግን ለንብ ተብሎ ኳሱ እንዲበተን መተው ተገቢ አይደለም። የአበባው ዱቄት ብቻውን ለንብ እጭ ማሳደጊያ በቂ ምግብ አይሆንም፤ የጎጃም ማር በኑግ፣ በመጭና በአደይ አበባ ነው የቆመው፣ እነሱ ይበቋታል።

ቅጠሉን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መቅጠፍ ይጀምራሉ። ከዳር ከዳር፣ የመሀሉን ልብ ሳይነኩ። አበባ ካወጣ በኋላ ያለው ቅጠል መራራነቱ ይበረታል። ምሬቱን ለመቀነስ ከእኔ ዘዴ ሁሉ የሚሻለው የተሰበረ ማድጋ ወይም አሮጌ ድስት ገልብጦ ተክሉን ከ7 እስከ 10 ቀን መሸፈን ነው፤ ብርሃን ያጣው ቅጠል ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ ምሬቱ ይቀንሳል። ደረቅ ቀን መርጠው ይሸፍኑት፣ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ሲሠሩት እንደ ጎመን አንዴ ገንፍሎ ውሃው ይደፋ፣ ከዚያ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ይጠበስ። ለሁዳዴ ጥሩ ነው። 100 ግራም ጥሬ ቅጠል ውስጥ 187 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 3 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት፣ 397 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለ። ያም ሆኖ ሐሳቤን ልንገርዎት፤ ቤተሰብዎን ለመመገብ ብቻ ከሆነ የሐበሻ ጎመን በዚያው መደብ ላይ ብዙ እጥፍ ቅጠል ይሰጥዎታል። ዳንዴሊዮን ሥሩንም ለሚፈልግ ነው የሚያዋጣው። ገበሬ ማሳ ዳር የበቀለ አይልቀሙ፤ ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለመግደል የተሠራ ነውና ይህ ቅጠል ይጠጣዋል። ጎረቤት ሲረጭ ጆንያዎን ከነፋሱ ያርቁ።

ሥሩ ቢያንስ ዓመት ይሙላው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ጆንያውን ያፍርሱ። በብሩሽ ይጠቡት፣ ልጣጩን አይላጡት፣ በእርሳስ ውፍረት ከትፈው ሰፌድ ላይ ፀሐይ ያስጡት። ሲደርቅ ክብደቱ ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ አንድ ጆንያ ለብዙ ወር አይበቃም። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሲሆን ደርቋል። ከዚያ በቡና መቁያው ብረት ምጣድ፣ እሳቱን ቀዝቀዝ አድርገው፣ እያገላበጡ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን ይቁሉት። መጀመሪያ የአፈር ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ውስጡ ያለው ኢኑሊን የሚባለው ነገር ወደ ስኳርነት ሲለወጥ የተቃጠለ ስኳር መዓዛ ቤቱን ይሞላዋል። ያኔ ከእሳቱ ያውርዱት። በሙቀጫ ወቅጠው በጀበና ያፍሉት። ካፌን የለበትም። ቡና ነው ብለው አያቅርቡላቸው፤ ቡና አይደለም፣ እናትዎ በመጀመሪያው ፉት ያውቁታል። የራሱ ጣዕም ያለው ትኩስ መጠጥ አድርገው ያቅርቡት። መጀመሪያ በትንሽ ሲኒ ይሁን፤ ያልለመደ ሆድ በኢኑሊን ይነፋል።

እናትዎን በተመለከተ ግን ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ያናግሩ። የዚህ ተክል ሌላው የፈረንሳይኛ ስም «አልጋ ላይ የሚያሸና» ማለት ነው፤ ዝም ብሎ የወጣለት ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ከቅጠሉ የተዘጋጀ ንጥር ለ17 ሰዎች በአንድ ቀን ሰጥቶ የሽንት ምልልሳቸው እንደጨመረ አይቷል። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ውሃ የሚያስወጣ ከሆነ፣ በተለይም ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ የሚያስቀር ዓይነት ከሆነ፣ ፖታሲየም የበዛበት ቅጠል ሲጨመርበት ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነም እንዲሁ። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ብዙ ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃረናል። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው አይንካው። ኑግ ወይም አሪቲ ሲነኩ ቆዳቸው የሚቆጣ ከሆነም ይህ የዚያው ቤተሰብ ነው። ግፊታቸውን ያወርድላቸዋል ብለው መድኃኒቱን እንዳያቋርጧቸው አደራ።

ጎማ የሚሠራበት ሌላ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካዛኪስታን ተራሮች ላይ የተገኘ የዳንዴሊዮን ዘመድ ነው፣ ሶቪየቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሥሩ ጎማ አውጥተውበታል። የእህትዎ ዘር ወተቱ ለዚያ አይበቃም።

የተረፈውን ዘር አሁን በወረቀት ጠቅልለው፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ማሰሮ ውስጥ፣ ከምድጃ ርቆ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይዝሩ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጆንያ ይበቃዎታል።